ባለ አንድ ዓይኑ ጀግና

ጋሼ ስማቸው መሞታቸውን የነገረችኝ ባለ ሱቋ ዘይነባ ናት። የሱቁን መስኮት ግማሹን ከፍታ ግማሹን ዘግታ ተቀምጣ ነበር፤ ከተማችን እንዲህ ከሆነ ወዲህ እንደዚያ አድርጋ ነው የምትሸጠው። እኔ ከጉና በእግሬ መምጣቴ ነው። እናቴ ታማ ልጠይቃት ወጥቼ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ጠፍቶ እዚያው ከርሜ ነበር። ገና አቧራዬን ሳላራግፍ አየችኝና መስኮቱን ገፋ አደረገችው።

«የሺ! ፈጣሪ ያጽናሽ። ጋሼ ስማቸውን እኮ ቀበርናቸው።»

«ልጄስ?» አልኳት።

የሞተውን ሰው ስም ጠርታልኝ እኔ ያለውን ሰው ጠየቅሁ።

«አለ፣ አለ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። እቤት ነው ያለው።»

ያን ጊዜ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለጋሼ ይሁን፣ ልጄ በመኖሩ ይሁን እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም። ዘይነባ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «በስኳራቸው ነው» አለችኝ። «የሚወጉት መድኃኒት አለቀ። ልጅሽ ያልዞረበት መድኃኒት ቤት የለም። ከባሕር ዳር የሚያመጣ መኪና ከየት ይምጣ? ግን በጥይት አይደለም የሺ፤ አልጋቸው ላይ ነው። እሱም አንድ ነገር ነው።»

እዚህ ደርሰናል። ሰው አልጋው ላይ ሲሞት ተመስገን እንላለን።

ጋሼ ስማቸው የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ። ደብረ ታቦር ውስጥ ከእሳቸው እጅ ያላለፈ ሰው ጥቂት ነው፤ የቢሮ ኃላፊውም ባጃጅ ነጂውም «ቲቸር» እያለ ነው የሚያልፋቸው። እኔ ግን ተማሪያቸው አልነበርኩም። ትምህርት ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፣ ያውም ገጠር። ባሌ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በወባ ከቀረ በኋላ ከልጄ ጋር እሳቸው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ገባሁ። የጉና ድንች እያመጣሁ ገበያ እሸጣለሁ። ከልጄ በፊት የወለድኳቸው አልቆዩልኝም። የእሱን ስም ያወጡለት አያቱ ናቸው፤ ቢያድግልኝ አሉት። በጠራሁት ቁጥር እየለመንኩ ነው ማለት ነው።

ጋሼ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅም አልወለዱም። መጽሐፍ ሊከፍቱ ሲሉ እጃቸውን ይታጠባሉ። ምግብ ሊበሉ ሲሉ ረስተውት ያውቃሉ፣ መጽሐፍ ሊከፍቱ ሲሉ ግን አይረሱም። ስኳሩ ቀስ በቀስ ዓይናቸውን ወስዶ ብርሃንና ጨለማ ብቻ መለየት ከጀመሩ በኋላ እንኳ፣ ሌላ ሰው ሊያነብላቸው ሲቀመጥ እሳቸው ይታጠቡ ነበር። «ጋሼ፣ አንቱ አይነኩት፣ ለምን ይታጠባሉ?» ብላቸው «ጆሮዬን መታጠብ ስለማልችል ነው» አሉኝ።

አንባቢው አንዲት ቃል ከዘለለ ወይ ከጨመረ በጣታቸው መገጣጠሚያ ጠረጴዛውን ይመታሉ። «የተጻፈውን!» ይላሉ። «የተጻፈውን ብቻ!»

ይኼ ነገራቸው ከሰው ያጣላቸው ነበር። ዓይናቸው ገና ደህና ሳለ አንድ የታወቁ ነጋዴ ሞተው የሕይወት ታሪካቸውን መቃብሩ አጠገብ እንዲያነቡ ጋሼን ጠሯቸው። ወረቀቱ ላይ የሰውዬው የመጀመሪያ ሚስት ስም አለ። ያሁኗ ሚስት ወንድም ጠጋ ብሎ በጆሯቸው «ቲቸር፣ እሷን ይዝለሏት» አላቸው። ጋሼም በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጽፋችኋል፣ ይነበባል። ካልፈለጋችሁ ለምን ጻፋችሁ?» ብለው ስሟን ከነአባቷ አነበቡት። ባለ ሐዘኗ ለቅሶዋን አቁማ ስትሳደብ፣ ሰው ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ሲስቅ፣ ቄሱ ሲቆጡ፣ እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ወደሚቀጥለው መስመር ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ለቀብር የሚጠራቸው ጠፋ። «እፎይ» አሉ። «ሰው የጻፈውን ሰው አይቆርጥም፣ ሰው ያልጻፈውንም ሰው አይቀጥልም። ይህን ያልተቀበለ ራሱ ያንብብ።»

እኔ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ዘይነባማ «እኒህ ሰውዬ መላእክት መጽሐፋቸውን ሲያነቡላቸውም ጠረጴዛ ይመታሉ» ትል ነበር።

ቢያድግ አሥራ አንደኛ ክፍል እንደገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አንዳንድ ቀን ይተኮሳል፣ አንዳንድ ቀን ዝም ይላል፤ ዝም ያለው ቀን ይብስ ነበር፣ ምን እየመጣ እንደሆነ አይታወቅማ። ከሰፈሩ ወንዶች ልጆች አንድ አንድ እያሉ ጠፉ። እናቶቻቸውን ገበያ ሳገኝ የት ሄደ ብዬ አልጠይቅም፤ እነሱም አይነግሩኝም። ሰላምታ እንሰጣጥና ቶሎ እንለያያለን፤ የአንዷ ነገር ወደ ሌላዋ የሚተላለፍ ይመስል።

በዚያ ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ለልጄ የሥዕል መጽሐፎች ጥሎለት ሄደ። ኮሚክ ይሏቸዋል። ገጹ እንደ መስኮት ተከፋፍሎ በየመስኮቱ ሥዕል ነው፤ ሰዎቹ ሲናገሩ ቃሉ ከአፋቸው እንደ እንፋሎት ይወጣል። የአዲስ አበባ ወጣቶች ናቸው አሉ ከአንድ የድሮ ልብ ወለድ ቀድተው የሣሉት። ጀግናው መርዕድ ይባላል። ጥላ የሚሰበስብ ክፉ ንጉሥ አለ፤ ጥላው የተወሰደበት ሰው የወለደውን ልጅ ይረሳል፣ እሱንም የወለደችው እናት አታውቀውም። መርዕድም ሰይፉን ይዞ የመንደሩን ጥላ ሊያስመልስ ይሄዳል። ልጄ ከዚያ መርዕድ ጋር ይተኛል፣ ከእሱ ጋር ይነሣል። በከሰል የጓዳዬን ግድግዳ ሰይፍ በሰይፍ አደረገብኝ። ትከሻው የበሬ፣ ደረቱ ራቁት፣ ደም አይነካው፣ አይደክመው።

«ይኼ ሰውዬ ብርድ አያውቅም እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን። «ጉና ላይ ቢያወጡት ባሳየን።»

«እማ፣ አንቺ ጀግና አይገባሽም።»

ጋሼ ከደጃቸው ሆነው ሰሙት። «ማን አልክ? መርዕድ? የእኔ መርዕድ?»

ለካ ዋናው መጽሐፍ ሣጥናቸው ውስጥ ኖሯል። ልባሱን እንደ ዳዊት በበግ ቆዳ አሰፍተውታል። ዘመናቸውን ሁሉ ለተማሪ ያነበቡት እሱን ነበር፤ በቃላቸው ያውቁታል። ለማንም ግን አያውሱም፤ «እስከ ዛሬ ያዋስኩት መጽሐፍ ሁሉ እግር አውጥቶ ሄዷል» ይላሉ። ልጄን ጠሩት፣ ታጠቡ፣ ተቀመጡ። «በል ሥዕሉን ንገረኝ። እኔ ደግሞ የተጻፈውን እነግርሃለሁ። ማን እንደሰረቀ እናያለን።»

እንዲህ ተጀመረ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው ስትዞር ሁለቱ ጠረጴዛውን ደጃፍ ላይ አውጥተው ይቀመጣሉ፤ እኔ ድንች እየለየሁ እሰማለሁ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ በአንድ ምት ሦስት ወታደር ጣለ።»

ጠረጴዛው ተመታ። «አልጣለም! መጽሐፉ ላይ አንድ ነው። እሱንም ሰውዬው አዳልጦት ወድቆ ሳለ ነው የመታው። ከዚያስ ምን አደረገ?»

«ቀጥሎ ተራራ ላይ ቆሟል። ጸጉሩ በነፋስ እየበረረ።»

«የለም! ተንበርክኮ አስመለሰ። ሙሉ ገጽ ነው ያስመለሰው። የሟቹ ጫማ ክሩ መፈታቱን አይቶ፣ ሊያስርለት ጎንበስ ብሎ ነው ያስመለሰው።»

«ማነው ትውኪያ የሚሥል ጋሼ!»

«ካልሣሉት ምኑን ጀግና አደረጉት?»

«መርዕድ ይፈራል ታዲያ?»

«ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይፈራል። ሰይፉ የተዋሰው ነው፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። የአንተዎቹ ልጆች ጉልበቱን አዳኑለት፣ ፍርሃቱን ወሰዱበት። ሐኪም ናቸው ወይስ ሠዓሊ?»

ልጄ ይስቃል፣ ይናደዳል፣ ግን በማግስቱ ራሱ ይጠራቸዋል። ጋሼም ሁሌ አይነቅፉም ነበር። ጥላ የሌላቸው ሰዎች ከተማ ላይ ሲደርሱ ቢያድግ «እኩለ ቀን ነው፤ ገበያው ሞልቷል፤ ከማንም እግር ሥር ግን ጥቁር ነገር የለም። ሰዎቹ ወረቀቱ ላይ የተንሳፈፉ ነው የሚመስሉት» አላቸው። «ይኼ ጎበዝ ነው» አሉ ጋሼ። «ጸሐፊው ይህን ለማለት ስንት ገጽ ደክሟል። እሱ ጥላ ባለመሣል ብቻ ጨረሰው።» ሲተኮስም ድምፃቸውን ከፍ ከማድረግ በቀር አያቆሙም ነበር።

አንድ ቀን ልጄ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ዘገየ። እኔ በሩን እያየሁ ነው። ጋሼ መጠበቅ አልሆነላቸውም።

«የሺ፣ ነይ እስኪ። ዛሬ አንቺ ንገሪኝ።»

«እኔ ሥዕል ምን አውቃለሁ ጋሼ?»

«ዓይን አለሽ አይደለም?»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ገለጥኩት። አንዱ ገጽ ሙሉውን ሥዕል ነበር። «አንድ ሰይጣን ነው» አልኳቸው። «አንድ የተጨነቀ ፍጥረት ሊያርድ ነው። ፍጥረቱ ቀንድ አለው፣ ግን ምስኪን ነው፣ ወደኔ ነው የሚያየው።»

«ቆይ። ሰይጣኑ የትኛው ነው?»

«ባለ አንድ ዓይኑ ነዋ።»

«ሰይፍ የያዘው?»

«አዎ። ጥርሱን ያፋጨው።»

ጋሼ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ሳል እስኪይዛቸው ድረስ። «የሺ! እሱ እኮ መርዕድ ነው! ጀግናው!»

አፈርኩ። ግን እንዴት ብዬ ልወቅ? እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ላይ እናቴ አንገቴን ይዛ እያዞረች ነው ያስተማረችኝ። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ናቸው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን አድርገው ያዩሻል። ሰይጣንና አረመኔ ግን በጎን ነው የሚሣለው፣ ዓይኑ አንድ ነው፤ እሱን ብዙ አትይው፣ ያይሻል ትለኝ ነበር። እኔ ሥዕል የማነበው በዚያ ነው። የአዲስ አበባ ልጆች ጀግናቸውን በጎን ሥለው፣ አውሬውን ፊት ለፊት ካደረጉት የኔ ጥፋት ምንድን ነው?

ይህን ስነግራቸው ሳቃቸው ቆመ። «ግለጪ እስኪ» አሉ። «የሚቀጥለው ላይስ ስንት ዓይን አለው?»

«አንድ።»

«ሲገድልስ?»

«ሲገድል ሁሌም አንድ ነው ጋሼ።»

ልጄ ሲመጣ ሰማና ሳምንቱን ሙሉ ተሳለቀብኝ። «እማ ጀግናውን ሰይጣን አለችው!» እያለ ለዘይነባ ሳይቀር ነገራት። ጋሼ አልተቆጡትም። «ስህተት ነው፣ ስቃችሁ ጨርሱ» አሉ። «ከሳቅህ በኋላ ግን ቢያድግ፣ እስኪ አንተ ፊት ለፊት ሣለው። ሁለት ዓይን ስጠው።»

ቀላል መስሎት ከሰሉን አነሣ። ሣለ፣ አጠፋ፣ ሣለ፣ አጠፋ። ግድግዳዬ ጭራሽ ጠቆረ። በመጨረሻ ተወውና ተቀመጠ።

«ምነው?» አሉት።

«እንጃ ጋሼ። ፊት ለፊት ሳደርገው ፈሪ ሆነ። እኔን መሰለ።»

«እንግዲያ የጸሐፊው መርዕድ እሱ ነው» አሉ። ልጄ ሥዕሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። እኔ በልቤ ይበቃዋል፣ ገብቶታል ብዬ ነበር። አልገባውም። ወይም ገብቶት አፍሮበታል። አብሮት ያደገው የጎረቤት ልጅ በዚያው ሰሞን ሄደ፣ እሱም ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ብቻውን መመልከት ጀመረ።

እናት ታውቃለች። ልብሱን ሳልነግረው አጠበ። ሲበላ ቀና ብሎ አያየኝም። ስቆጣው መልስ መስጠት ተወ፣ እንደ እንግዳ «እሺ» ይለኛል። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ነው አልኩ። ለምኜዋለሁ፣ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ፣ ረግሜዋለሁም፤ የእናት ጩኸት ግን ለእንዲህ ያለ ልጅ እንደ ነፋስ ነው፣ ነጠላውን አጥብቆ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ወደ ጋሼ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ልጄ ሊሄድ ነው። አንቱን ይሰማል። አንድ ነገር ይበሉት።»

«ምን ልበለው የሺ? እኔ ምክር አላውቅም። የማውቀው ማንበብ ብቻ ነው።»

«እንግዲያ ያንብቡለት!»

ጮኼባቸው ነበር። ይቅር ይበሉኝ፣ በትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ እንደ ሁልጊዜው ጠሩት። የቀረችው የመጨረሻዋ ኮሚክ ናት። ልጄ ቶሎ ቶሎ ነገራቸው፤ ልቡ እዚያ አልነበረም። መርዕድ ንጉሡን ገደለ። ጥላዎቹ እንደ ወፍ ተነሥተው ወደየባለቤታቸው በረሩ። መርዕድ አለት ላይ ቆሞ ሰይፉን ወደ ሰማይ አነሣ። «አለቀ» አለና ዘጋው።

«አላለቀም» አሉ ጋሼ።

«የመጨረሻው ገጽ ነው ጋሼ።»

«የእነሱ የመጨረሻ ነው። መጽሐፉ ላይ አንድ ምዕራፍ ይቀራል። ሠዓሊዎቹ ትተውታል፣ የሚሣል ስላልመሰላቸው ይሆናል።» ተነሥተው ታጠቡ። ቀስ ብለው ነው የታጠቡት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዚያ በሚያነቡበት ድምፃቸው ጀመሩ፦

«መርዕድም ወደ መንደሩ ተመለሰ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። በየደጁ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጥላው ከእግሩ ሥር ገብቶለታል፤ እናቶችም የረሷቸውን ልጆች በየስማቸው ይጠሩ ነበር። መርዕድ ወደ እግሩ ቢመለከት ጥላ የለውም። ከገደላቸው አንዱ ሲወድቅ ጥላውን ይዞበት ወድቋል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላስተዋለም። እናቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ቀረበና እጅ ነሣ። ‹ውሃ ጠምቶሃል መሰለኝ› አለችው። በጣሳ ውሃ ሰጠችው። ‹የማን ልጅ ነህ?› አለችው። ስሙን ሊነግራት አፉን ቢከፍት፣ ‹እኔም አንድ ልኬያለሁ፣ እየጠበቅሁት ነው፤ በመንገድህ አይተኸው ይሆን?› አለችው። እሱም ጣሳውን እንደያዘ አጠገቧ ተቀመጠ። ከእናቱም ጋር ሆኖ መርዕድን መጠበቅ ጀመረ።»

እዚህ ላይ አቆሙ። ድንች የያዘው እጄ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ልጄ መሬት መሬት እያየ ነው። ጋሼ ውሃ ጠየቁኝ፤ ብርጭቆውን ሲቀበሉኝ ግማሹ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ስኳራቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ። «ዛሬ ደክሞኛል» አሉ፣ «ግቡ።»

ቢያድግ በማግስቱ አልሄደም። ከዚያ ወዲያም አልሄደም። እኔ እንዴት እንደሆነ ሳልጠይቅ በየጠዋቱ ጫማው በሩ ሥር መኖሩን ብቻ አይ ነበር። ለጋሼ ዓይን ሆነላቸው፣ መርፌያቸውን ይወጋላቸዋል፣ ፀሐይ ላይ ያወጣቸዋል፣ ያስገባቸዋል። ልጄን ለእሳቸው አደራ ብዬ ነው ወደ እናቴ የሄድኩት። ማንኛቸው ማንን ይጠብቁ እንደነበር እንጃ።

ከዘይነባ ደጅ ተነሥቼ ቤት ስገባ ቢያድግ ከስቷል። አቀፍኩት። የጋሼ ሣጥን ወደ እኛ ክፍል መጥቷል፤ «መጽሐፎቼ ለቢያድግ» ብለው ነበር አሉ።

ከሰልስቱ በኋላ ልጄ ውሃ ሊቀዳ እንደወጣ ሣጥኑን ከፈትኩ። ያቺን እናት ላያት ፈልጌ ነው። ጋሼ በቃል የነገሩንን በጣቴ እያስከተልኩ ላነበው፣ ድምፃቸው እንዲመለስልኝ። ባለ ቆዳ ልባሱን አገኘሁት። መጨረሻውን ገለጥኩ። እኔ ሳነብ ቀርፋፋ ነኝ፤ አንዱን መስመር ሁለቴ ሦስቴ እሄድበታለሁ። መርዕድ አለት ላይ ቆመ ይላል። ሰይፉን አነሣ ይላል። ሕዝቡ እልል አለ፣ ስሙም ለዘላለም ተጠራ ይላል። ከዚያ «ተፈጸመ» ይላል።

እናት የለችም። ጣሳ የለም። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ እዚያም የለችም። ገጽ ተቀድዶ ይሆን ብዬ ስፌቱን ዳበስኩት። የተቀደደ ነገር የለበትም።

ለሟች የመጀመሪያ ሚስት ስም ሲሉ ከለቀስተኛ የተጣሉ ሰው፣ አንዲት ቃል ስትጨመር ጠረጴዛ የሚመቱ ሰው፣ ለእኔ ልጅ ሲሉ ምዕራፍ ሙሉ ጨመሩ። እኔ ነኝ ያንብቡለት ብዬ የጮኽኩባቸው። ከሐዘኑ ይልቅ ፍርሃቱ ቀደመኝ፤ ይህን መጽሐፍ ልጄ ከከፈተው አልቆልኛል አልኩ። ምድጃው ላይ እሳት ነበር። ወደዚያ ተመለከትኩ። እያመነታሁ ሳለ በሩ ተከፈተና ቢያድግ ጀሪካኑን እንደተሸከመ ገባ። መጽሐፉን አየ፣ ምድጃውን አየ፣ እኔን አየኝ።

«መጨረሻውን ፈልገሽ ነው?» አለኝ።

«የምን መጨረሻ?»

«የእናትየዋን። እዚያ የለም እማ።»

«መቼ አወቅህ?»

«በነጋታው። ጋሼ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ሣጥኑን ከፍቼ አየሁት። ዋሹ፣ የተጻፈውን ሲሉ የኖሩት ሰውዬ ዋሹ ብዬ ፊታቸው ላይ ልነግራቸው ወጣሁ። ወጥቼ በዚያው ልሄድ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ኮቴዬን ሰሙና ‹ቢያድግ፣ አለህ?› አሉኝ። ‹አለሁ› አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ በየቀኑ ይጠይቁኛል፣ በየቀኑ አለሁ እላለሁ።» ጀሪካኑን ወደ ሌላ እጁ አዞረው። «አሁን ማን አለህ ይለኛል?»

እኔ አለሁ አይደለም እንዴ ልለው ፈለግሁ። ግን ይህን ስጮህ ነው የኖርኩት። መጽሐፉን ዘጋሁትና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ውሃውን ጠጣ» አልኩ።

«ማን?»

«መርዕድ። ጠጣና ጣሳውን ሲመልስላት እጁ ነካት። አላወቀችውም። እጁ ግን ቀዝቅዞ ነበር። የማንም ልጅ ይሁን፣ ቀዝቅዟል አለች በልቧ። መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ እዚህ እደር አለችው።»

ልጄ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። ከተራራው በኩል ተኩስ ጀመረ፤ ሁለታችንም ሰማነው፣ ሁለታችንም ዘወር አላልንም።

«አደረ?» አለኝ።

«አደረ።»

«በማግስቱስ?»

የማግስቱን አላውቀውም። ተነሥቼ ጀሪካኑን ከእጁ ተቀበልኩት፣ ከባድ ነበር፤ «መጀመሪያ ብላ» አልኩት።